የሰባ አንድ ቁጥር ማልያ

ጨዋታውን አላይም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ
ከምድር ቤት ነኝ እኔ፣ ከማሽኖቼ ጋር ቆሜ።
ጩኸቱ በቧንቧ ይወርዳል፣ ጣሪያዬን ያንኳኳል፤
አግኝተው ይሁን አጥተው፣ ድምፁ መች ይለያል?

ማታ ግን ይመጣል፣ በጋሪ ተጭኖ፤
ስድሳ ማልያ፣ ስድሳ ሱሪ፣ የእርጥብ እንጨት ክብደት ሆኖ።
ያኔ አነባለሁ፤
መነጽሬን አድርጌ፣ ክርንን ከትከሻ ለይቼ፣
ወሬ ነጋሪ ሳልሻ፣ ጋዜጣውንም ትቼ።
ሣር በጀርባ ከሆነ፣ ወድቀዋል ተገፍተው፤
ሣር በደረት ከሆነ፣ ጥለዋል በርትተው።
የሃርሞን ኮሌጅ ቡድን፣ ያ ዓመት፣ እውነት ለመናገር፣
የጀርባ ሣር ነበር።

መስከረም ላይ አቧራ፤ የደረቀ የበቆሎ ማሳ ሽታ፤
ሠላሳ አንድ ለሦስት፣ በገዛ ሜዳችን፣ የመጀመሪያዋ ማታ።
ሁለተኛው በእንግድነት፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመ፤
ሲመለሱም ቆመ።
የከረጢቱ ሽታ ነው እንጂ፣ ውጤቱ አይደለም እኔን ያሳመመ።
ሦስተኛውን ተዉት።

አራተኛው ቅዳሜ፣ አንድ ሱሪ በመቀስ ተተርትሮ መጣ፤
ሰባ አንድ ቁጥር፣ ሮስኮ ቲልማን፤ ጉልበቱ ከቦታው ወጣ።
በቁመቱ በር የሚዘጋ፣ ድምፁ ግን የሚያፍር ልጅ፤
ካልሲ ሌላው ይወረውራል፤ እሱ ግን ያስረክባል በእጅ።

ከዚያ ወዲያ በክራንች ቆመ፣ ከሜዳው ጠርዝ፣ ከነማልያው፤
ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ከጭቃው ክምር መሃል፣
ሆዴ ይባባል፣ ያን ንጹሕ ሳየው።
አጥበዋለሁ ግን። “ምኑ ቆሸሸና?” ብትሉኝ አላውቅም፤
ያልተጫወተ ሰው ላብ በዓይን አይታይም።

ጥቅምት ላይ ሁለት አሸነፉ። አንዱን በዕድል፣ በነፋስ፣
ሞላላዋ ኳስ ከብረቱ ነጥራ ወደ ውስጥ ስትመለስ።
ሌላውን በጉልበት። ያን ማታ ደረቱ ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤
በማሽኑ መስታወት ሣር ሲሽከረከር
ብቻዬን ሳቅሁ።
ኮሌጁን የረሳ ከተማም ለአንድ ሳምንት አስታወሰ፤
በማደያው መስኮት ባንዲራ ተሰቀለ፤ በሳምንቱ ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

ከዚያ ዝናብ። ከዚያ ጭቃ። ሦስት ሽንፈት፣ ሦስት ቅዳሜ፤
እኔ ጭቃ ሹሟ፣ ግብሬን ስሰበስብ አድሬ ደክሜ።
አሰልጣኝ ብራንቮልድ አንድ ሌሊት ወረደ፣ ከደረጃው ተቀመጠ፤
ምንም አላወራም፤ የማድረቂያውን ሙቀት ጠጣ፣
ሰዓቱን አየ፣ ወደ ቤቱ አመለጠ።

የመጨረሻው ቀን ኅዳር፤ በረዶ፤ መስመሩን በአካፋ ጠረጉ፤
ተመልካቹ ወላጅ ብቻ፤ እነሱም በብርድ ልብስ ተሸሸጉ።
የሰሜን ዳኮታ ነፋስ ሰው አይመርጥም፣ እንግዳ አያከብርም።
ሃያ ለአሥራ ሰባት ተሸነፉ።
ጩኸት በቧንቧው አልወረደም፤
አንዴ ብቻ ዝምታ ወረደ፤ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ጋሪው መጣ።
ከላይ የተቀመጠው ሰባ አንድ ነው፤ ግን ምን ነካው?
ደረቱ ጭቃ፣ እጅጌው ጭቃ፣ ከክርኑ ላይ ተቀዷል ጨርቁ ያው።
ጋሪ ገፊውን ኤሞሪን ጠየቅሁት፤ ጓንቱን እያወለቀ፦
“በሮስኮ ቦታ የገባው የአንደኛ ዓመቱ ልጅ፣ ወደቀ፤
አልተነሣም። እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው።
ሮስኮ ክራንቹን ወረወረ፤ ዳኛው ቢጮህም አልሰማው፤
በክርኑ ድኾ ደረሰ፣ በረዶው ላይ በደረቱ ተኛ፣
ፊት ለፊት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ እስከ አምቡላንሱ፣
የሆነ ነገር እያወራለት፣ እኛ ሳንሰማ እኛ።”
“ምን አለው?” አልሁ።
“እንጃ። ልጁ ግን ሳቀ፤ ሳቁን አየን።”

ሌላው ሁሉ ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተጣጠፈ፤
ሁለት ድል፣ ስምንት ሽንፈት፤ መዝገብ ላይ ተጻፈ።
ከማድረቂያው ጀርባ አሮጌ ሚስማር አለ፤
ያ ማልያ ከነጭቃው እዚያ ተሰቀለ።
ሰኞ ቆጠራ ሆነ። “አንድ ማልያ ይጎድላል!”
“ማሽን ነው፤” አልሁ፤ “አንዳንዴ ይበላል።”